ትዳር ሲፈርስ ሴቷ ምን ይዛ ትወጣ ነበር?

ስለ ድሮ ሴቶች ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንዱ «ሴት ድሮ ምንም መብት አልነበራትም፣ ከጓዳ አትወጣም ነበር» ይላል። ሌላው እቴጌ ጣይቱንና ንግሥት ዘውዲቱን ይጠራና «የእኛ ሴቶችማ ጦር ይመሩ ነበር» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ችግሩ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ቢያካፍሉት ስለ ተራዋ ባላገር ሴት ምንም አለማወቃችን ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ከቤተ መንግሥት አውጥተን ወደ ጎጆ ቤት እናስገባው። በንጉሣዊው ሥርዓት የመጨረሻ ዘመን፣ ማለትም ከዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥና እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ባለው መቶ ሃያ ዓመት ግድም፣ አንዲት ሴት ትዳሯ ቢፈርስ ከቤቱ ምን ይዛ ትወጣ ነበር? መሬት? ላም? ወይስ የለበሰችውን ቀሚስ ብቻ?

ይኼን ጥያቄ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ጥላ መውጣት የምትችል ሴት፣ ሳትወጣም ቤት ውስጥ ቃሏ ይሰማል። መውጫ የሌላት ግን ምንም ብትከበር፣ «እመቤቴ» ብትባል፣ ክብሩ በባሏ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሰማንያ፣ ቁርባን፣ ደሞዝ

ከክርስቲያኑ ደጋ እንጀምር፤ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ። እዚያ ጋብቻ አንድ ዓይነት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቆርበው የሚጋቡት የቁርባን ጋብቻ አለ፤ ይኼ አይፈታም ይባላል። ለዚያም ነው አብዛኛው ሰው የሚሸሸው። ቄሶችና ዲያቆናት ግድ ስለሆነባቸው ይቆርባሉ፤ ሌላው ሕዝብ ግን ብዙውን ጊዜ አብሮ ኖሮ፣ ወልዶ፣ አርጅቶ፣ ከእንግዲህ የትም አንሄድም ሲል ነው የሚቆርበው።

ሰፊው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ ውል ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ እማኝ ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል፣ በንጉሡ ስም ይማላል። ዋናው ነገር ግን የሁለቱም ወላጆች ለአዲሱ ጎጆ ንብረት ማዋጣታቸው ነው። የእሱ አባት በሬ ከሰጠ የእሷም አባት ላም ይሰጣል፤ ያዋጡትም ቁጥሩ በእማኝ ፊት ይያዛል። ለምን ይያዛል? ሲፋቱ ለመካፈል ነዋ! እያንዳንዱ ያመጣውን ይወስዳል፣ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ፍቺውን ባልም ሚስትም መጠየቅ ይችላሉ። ጋብቻው ሲጀመር የፍቺው ሒሳብ ተሠርቶ ያለቀ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ነው። ሰውየው ለሴትየዋ በዓመት ወይም በወር የሚከፈል ገንዘብ ይቆርጥላታል፤ እሷ እንደ ሚስት ቤቱን ትይዛለች። መንገደኛ ነጋዴና ወታደር የሚወደው ዓይነት ነው። ስትወጣ ደሞዟን እንጂ የንብረት ድርሻ አታገኝም። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ልጅ ግን የአባቱ ልጅ ነው፤ ከርስቱ ይካፈላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ርስት ስንመጣ ትፈለጋለች።

እንዳታሳስቱኝ፣ ሰማንያ የነፃነት ሰርግ አልነበረም። ሙሽራዋ ብዙ ጊዜ ልጅ ናት። አሥር ዓመት ያልሞላት ሁሉ ትዳር ነበር። ባሏን የሚመርጡላት ወላጆቿ ናቸው፤ እሷን የሚጠይቃት የለም። የመጀመሪያው ትዳር በዚህ መልክ ተጀምሮ ቶሎ የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የምታገባውን ግን፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለችና፣ እሷ ራሷ ትመርጣለች። «ፈት» መባል ቀለል ያለ ነውር ቢኖረውም ከሰው ተራ አያወጣም ነበር። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑን እቴጌ ጣይቱ ብጡል ራሳቸው ናቸው። በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በቁርባን ከመጋባታቸው በፊት ብዙ ጊዜ አግብተው ፈትተዋል። ይህ እቴጌ ከመሆን አላገዳቸውም።

በዚያው ዘመን ቻይና ውስጥ

ይህ ምን ያህል የተለየ እንደሆነ ለማየት በዚያው ዘመን ወደነበረ ሌላ ትልቅ ንጉሣዊ መንግሥት ዘወር እንበል። ቻይናን እስከ 1912 እ.ኤ.አ. የገዛው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነው። የእኛዋ ጣይቱ በምኒልክ ሕመም ጊዜ ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ ሲታገሉ፣ እቴጌ ሲሺ ገና ማረፋቸው ነበር (1908 እ.ኤ.አ.)። ሲሺም በሕፃናት ነገሥታት ስም፣ ቃል በቃል ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቻይናን ገዝተዋል። ከላይ ሲታይ ሁለቱ አገሮች ይመሳሰላሉ።

ወደ ቤት ውስጥ ስንገባ ግን ልዩነቱ ይመጣል። በቺንግ ሕግ ሴት ልጅ ከወንድሞቿ ጋር የአባቷን መሬት አትካፈልም፤ ጥሎሽ ተሰጥቷት ትሄዳለች። ባል ሚስቱን የሚፈታባቸው ሰባት ምክንያቶች በሕግ ተዘርዝረው ነበር፦ ወንድ ልጅ አለመውለድ፣ ዝሙት፣ አማቶችን አለማክበር፣ ወሬኛነት፣ ስርቆት፣ ቅናት እና ከባድ በሽታ። (ወሬኛነት! ብዙዎቻችን እንፈታ ነበር።) ሕጉ ሦስት መከላከያዎችም ሰጥቷታል። ለምሳሌ የምትመለስበት ወላጅ ቤት ከሌላት፣ ወይም ሲጋቡ ድሆች ሆነው አሁን ከበለጸጉ፣ አይፈታትም። ለእሷ ግን ባሏን የምትፈታባቸው እንዲህ ያሉ ሰባት ምክንያቶች አልተጻፉላትም።

ባሏ ሲሞትስ? ሳታገባ ከኖረች መንግሥቱ ራሱ ያከብራታል፤ በስሟ የድንጋይ በር ይቆምላታል፤ አንዳንዶቹ በሮች እስካሁን አሉ። ካገባች ግን የባሏን ንብረት ብቻ ሳይሆን የራሷን ጥሎሽ ጭምር ለባሏ ቤተሰብ ትታ ነው የምትወጣው። እንግዲህ ያ የድንጋይ በር ምን ያህሉ ክብር ምን ያህሉ ቁልፍ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የደጋው ሰማንያ ከዚህ ጋር ሲተያይ ገራገር ነው። ግን ኩራቱን ትንሽ እንያዘው፤ የእኛም መቆለፊያ አለው፤ ቦታው ነው የሚለየው።

ርስት አላት፣ በሬ የላትም

በደጋው ክርስቲያን አገር ከሁሉ የሚበልጠው ንብረት ርስት ነበር። ርስት በዘር ሐረግ የሚገኝ የመሬት መብት ነው፤ ከአባትም ከእናትም ይወረዳል፤ ለወንድ ልጅም ለሴት ልጅም ይደርሳል። ሴት ልጅ ስታገባ ርስቷ ወደ ባሏ አይዞርም፤ ስትፋታም የሷው ነው። ስትሞት ወደ ልጆቿ ይሄዳል። በአባት ብቻ በሚቆጠር ዘር ውስጥ ላደገ ሰው ይኼ ይገርማል፤ በጎጃም ግን አንድ ገበሬ «ይኼን መሬት የያዝኩት በእናቴ እናት ወገን ነው» ብሎ ሲሟገት ማንም አይስቅበትም ነበር።

ይህን በምን እናውቃለን? የታሪክ ተመራማሪዎች፣ በተለይ ዶናልድ ክረሚ፣ በጎንደርና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ህዳጎች ላይ የተጻፉ የመሬት ውሎችን ለብዙ ዓመታት ሲያነቡ ኖረዋል። ያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ሥራ የሚሠራው ወንጌሉ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ማስታወሻዎች ውስጥ ሴቶች መሬት ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲያወርሱ፣ ሲካሰሱ እናያቸዋለን። አብዛኞቹ ወይዛዝርት ናቸው፤ የመኳንንት ዘመዶች። ቢሆንም ሴት በስሟ መሬት መያዟ ለጸሐፊው የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም፤ ያለ ማብራሪያ ጽፎት ያልፋል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ችግሩ እርሻው ላይ ነው።

በደጋው ሴት አታርስም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፣ ዘር ታበጥራለች፤ ሞፈርና ቀንበር ግን አትነካም። ነውር ነው፤ «ሴት ካረሰች እህሉ ይሸሻል» ዓይነት ነገር። ስለዚህ አንዲት ሴት ከትዳሯ ስትወጣ የርስት መብቷን ይዛ ትወጣለች፣ ምናልባት ላሟንና አንዱን በሬም ትወስዳለች። አንድ በሬ ግን አይታረስበትም፤ ጥማድ ሁለት ነው። ቢሟላላትም የሚያርስላት ወንድ ያስፈልጋታል። ወንድም ካላት ርስቷን እሱ ይይዝላታል፤ «ይይዝላታል» የሚለው ቃል ውስጥ ደግሞ ስንት ክርክር እንዳለ ገጠር ያደገ ያውቀዋል። ወንድም ከሌላት ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቱ ግማሹ የአራሹ ነው። ወይም ሌላ ባል ታገባለች።

ስለዚህ በወረቀት ሳይሆን በማሳ ላይ ስናየው፣ ሴቲቱ ባለመሬት ናት፣ መሬቷ እንዲያፈራ ግን ወንድ መፈለግ ግድ ይላታል። ለእኔ የደጋው ሥርዓት ዋና ቁልፍ ይኼ ነው። መብቱን አልነፈጋትም፤ መብቱን ወደ እንጀራ የምትቀይርበትን መሣሪያ ግን በነውር አጥሮ አስቀመጠው።

ቻይናም እንዲሁ «ወንድ ያርሳል፣ ሴት ትሸምናለች» የሚል የቆየ አባባል ነበራት። እዚያ ጨርቁ የሴት ሥራ ነው፤ እኛ ጋ ሴቷ ትፈትላለች፣ የሚሸምነው ሸማኔው፣ ወንዱ ነው። ሎረል ቦሰን እና ሂል ጌትስ የተባሉ ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች የቻይናን የእግር ማሰር ልማድ ከዚሁ ሥራ ጋር ያያይዙታል። እንደ እነሱ አባባል እግሯ የታሰረ ትንሽ ልጅ ሮጣ ስለማትጫወት ቁጭ ብላ ትፈትላለች፣ ትሸምናለች፤ የፋብሪካ ክር መጥቶ የቤት ፈትሉን ዋጋ ሲያሳጣው ልማዱም ተዳከመ። ሁሉም ተመራማሪ አይስማማበትም። ግን አንድ ጥሩ ነገር ያስተምረናል፤ «ባህል ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ሥር ብዙ ጊዜ የጉልበት ጉዳይ አለ።

በእኛ በኩል የጉልበቱ ጉዳይ ወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤት ሳይመጣ በፊት የቤተሰቡን እህል የምትፈጨው ሴት በመጅና በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ነው፤ ሌሊት ተነስታ፣ ሰዓታት ፈጅታ፣ በየቀኑ። ሌላው ሥራ ውኃ፣ እንጨት፣ ጋገራ፣ ጠላ ጠመቃ ነው። ሠራዊት ሲዘምት ሴቶቹ አብረው የሚሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው። የዐድዋ ጦር ስንቅ አዘጋጆቹ እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ያ ሁሉ ሰው ከሸዋ ተነስቶ ትግራይ አይደርስም ነበር።

መሬቱን ማሳረስ ያልቻለች ሴት አንድ መውጫ ነበራት፤ እሱም ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ፈትና ባል የሞተባት ሴት ጋኗን ይዛ ገባች። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ መሸጥ በሬ አይጠይቅም። ጥማድ የሌላት ሴት በጋን ኖረች። እርግጥ ነው፣ ከዚያው መጠጥ ቤት የሴተኛ አዳሪነት ኑሮም አብሮ አደገ፤ የከተማ ነፃነትና የከተማ ችግር አንድ ደጃፍ ላይ ነበሩ።

ዘውድ ያሳጣው ትዳር

ስለ ቤተ መንግሥት ሴቶች ብዙ ስለተጻፈ አላስረዝምም። ጣይቱ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ አጥብቀው መቃወማቸው፣ በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውኃ እንዲያዝ መምከራቸው፣ ዐድዋ ላይ የራሳቸውን ጦር ይዘው መሰለፋቸው ይታወቃል።

ከጥያቄያችን ጋር ይበልጥ የሚገናኘው የንግሥት ዘውዲቱ ታሪክ ነው። ዘውዲቱ የተዳሩት በስድስት ዓመታቸው ግድም ነው፤ አባታቸው ምኒልክ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የገቡትን ስምምነት ለማጽናት ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ። ባላቸው ሲሞቱ ወደ አባታቸው ተመለሱ። ከሌሎች ትዳሮች በኋላ የጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሳ ወሌን አገቡ፤ በሚነገረው መሠረት ይኼ ትዳር ጥሩ ነበር። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ መኳንንቱ ዘውዲቱን «ንግሥተ ነገሥታት» ብለው አነገሡ። ነገር ግን ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ። የንግሥት ባል ከኖረ ንጉሥ ሊሆን ነው፤ መኳንንቱ ያንን አልፈለጉም። ራስ ጉግሳ የበጌምድር ገዢ ሆነው ሄዱ፤ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ከመንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ተራዋ የጎጃም ሴት ባሏን የመፍታትም ያለመፍታትም ፈቃድ ነበራት። የአገሪቱ ንግሥት ግን አልነበራቸውም። በላይኛው መደብ ጋብቻ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሴቷም የውሉ ማኅተም ናት።

መውጫ ያልነበራቸው

እስካሁን ያወራነው ስለ ባለርስት ሴት ነው። ከጎኗ ግን ሌላ ሴት ነበረች፤ ወፍጮው ላይ የተንበረከከችው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ወይዘሮዋ ለፍርድ ቤት ክርክር፣ ለበዓል፣ ለጉዞ ጊዜ የምታገኘው ቤቷ ውስጥ ባሪያ ስላለች ነው። ከደቡብና ከምዕራብ አገር ተይዘው የተሸጡ ሴቶች በመኳንንትና በሀብታም ቤቶች ሁሉ ነበሩ። ለእነሱ «ይዛ ምን ትወጣ ነበር» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም፤ መውጣት ራሱ አይፈቀድም። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ ሙሉ በሙሉ የከለከለው አዋጅ የወጣው ግን ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው።

እኛ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሆነን ስለዚህ ስንጽፍ ሌላዋንም ሴት መዝለል አንችልም፤ የገባሩን ሚስት። የሲዳማ ምድር በምኒልክ ዘመን ወደ ንጉሣዊው መንግሥት ሲጠቃለል፣ ሰፋሪው ወታደር ደሞዙ በገንዘብ ሳይሆን በገባር ነበር። የገበሬ አባወራዎች ተቆጥረው ይመደቡለታል፤ እነሱም ግብርና ጉልበት ይሰጡታል። በመዝገቡ የሚቆጠረው ወንዱ ነው። ሥራው ሲሠራ ግን ሚስቱም አለች፤ የወታደሩን እህል የምትፈጨው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው እሷ ናት። የራሷን ቤት ወፍጮ ጨርሳ ወደ ሰው ወፍጮ ትሄዳለች። ባሏን ብትፈታ እንኳ ከዚህ አታመልጥም፤ ምክንያቱም ግዴታው የትዳሩ ሳይሆን የጎጆው ነው። የገባር ሥርዓት በሕግ የቀረው ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ሥርዓት በፊትና በኋላ የሲዳማ ሴቶች የራሳቸው ባህላዊ ሁኔታ ነበራቸው። ይኼም ከላይ ያልኩትን የሞፈር ነገር የሚፈትን ነው። ሲዳማ የእንሰት አገር ነው፤ ለእንሰት ሞፈር አያስፈልግም። እንሰቱን የምትፍቀው፣ የምታብላላው፣ ምግብ የምታደርገው ሴቷ ናት፤ ቅቤውም በእጇ ነው። በዚህ ሒሳብ ከደጋዋ ሴት የበለጠ መብት ሊኖራት ይገባ ነበር። ነገር ግን መሬቱ የሚወረሰው በአባት ዘር ነው፤ ሴት ልጅ አትካፈልም። ባል ሲሞትባት የሟች ወንድም ሊያገባት ይችላል። ስለዚህ ሞፈሩ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ደጋ ላይ መሬት ነበራት፣ መሣሪያው አልነበራትም፤ ሲዳማ ላይ መሣሪያው እጇ ላይ ነበር፣ መሬቱ አልነበረም።

የሲዳማ ሴቶች የነበራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ያካ። ያካ የሴቶች ኅብረት ነው፤ ቃሪቴ የምትባል የተከበረች ሴት ትመራዋለች። አንድ ባል ሚስቱን ክፉኛ ቢመታ ወይም ቢያዋርድ ሴቶቹ ሲቆ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ፣ ተሰብስበው ይመጡበታል። ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪከፍልና ይቅርታ እስኪጠይቅ አይለቁትም። የአርሲና የሌላው ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄም የዚህ ዘመድ ነው። ልብ በሉ፤ የደጋዋ ሴት ስትበደል ለብቻዋ ዋሷን ጠርታ፣ ንብረቷን ተካፍላ ትወጣለች። የሲዳማዋ ግን አትወጣም፤ ሌሎቹን ሴቶች ወደ ቤቱ ትጠራለች። የትኛው ይሻላል? እኔ እንጃ፤ ሁለቱም የተበደለችውን ሴት ብቻዋን አለመተው ላይ የተሠሩ ናቸው።

ሲዳማ ውስጥ ስለ ንግሥት ፉራ የሚነገረውን አፈ ታሪክም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ለሰባት ዓመት ገዛች ይባላል፤ ሴቶችን የምትደግፍ፣ ወንዶችን የምትፈትን። መጨረሻ ላይ ወንዶቹ አታለው በፈጣን የዱር አውሬ ላይ ጫኗትና ሞተች፤ ቀጭኔ ነው የሚሉም አሉ። የአካሏ ክፍሎች የወደቁባቸው ቦታዎች በዚያ ይጠራሉ ይባላል። ይኼ እንደ ዘውዲቱ ታሪክ ቀን የሚቆጠርለት አይደለም። የሚገርመው የሚተረክበት መንገድ ነው፤ በወንድ አፍ ሲነገር ፉራ ጨካኝ ናት፣ በሴት አፍ ሲነገር ብልህ ናት።

«ዘመናዊው» ሕግ ሲመጣ

አሁን ታሪኩ ወደ ሚታጠፍበት ቦታ ደርሰናል። ነገሮች ከዚህ በኋላ ቀጥ ብለው እየተሻሻሉ የሄዱ ይመስላል። በ1931 እ.ኤ.አ. የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ መንገድ ከፈተ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ፤ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተይዘው ወደ አሲናራ ደሴት የተጋዙ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ደራሲ ናቸው። የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነዋል።

ስንዱ ምክር ቤት ከገቡ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ታዋቂ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። ሕጉ በአንቀጽ 635 የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው አለ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ። የሚኖሩበትን ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው። አካሄዷንም ይቆጣጠራል። ለጋብቻ የሚያበቃው ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ሆነ። (15ቱ ከድሮው ሲታይ መሻሻል ነበር፤ ይኼንን መካድ አይገባም።) ከዚያ ቀደም ብሎ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን ወንጀል ካለ በኋላ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ እንዲቀር መንገድ ትቶለት ነበር።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ስትወጣ ምን ይዛ ትወጣለች? በሰማንያው ልማድ ትዳር የሰለቸው ሰው ድርሻውን ተካፍሎ ይሄድ ነበር። በአዲሱ ሕግ ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የሚጠይቅ ወገን ከጋራ ንብረቱ ድርሻውን ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ ለወንድም ለሴትም እኩል የተጻፈ ነው። ግን የጋራ ንብረቱን በእጁ የሚያስተዳድረው ባል ከሆነ፣ ለመውጣት የምትፈራው ማን እንደሆነች መገመት አይከብድም።

«ፈረንጅ ሴትን ነፃ አወጣ፣ እኛ ኋላ ቀር ነበርን» ለሚል ሰው አንድ ቀን ልንገረው። ሬኔ ዳቪድ ሕጉን ሲያረቁ፣ በራሳቸው አገር በፈረንሳይ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ በስሟ የባንክ ሒሳብ መክፈት አትችልም ነበር። ያ የተቀየረው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ከውጭ የመጣው ሕግ የመጣበትን አገር ቤት ይዞ ነው የመጣው። ጎጃም ውስጥ ርስቷን በስሟ የምትሟገት ገበሬ ሴት፣ በዚህ ነገር ከአንዲት የፓሪስ ወይዘሮ ትቀድም ነበር ብንል ብዙ አናጋንንም። እርግጥ ሕጉ ገጠር ብዙም አልደረሰም፤ ብዙው ሰው በልማዱ ነው የቀጠለው። የደረሰው ከተማ ላይ ነው፤ ያቺ ጋኗን ይዛ የገባችው ሴት ልጆች ዘንድ።

የፍትሐ ብሔሩ የቤተሰብ ክፍል የተተካው ሰኔ 1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አንቀጽ 635 በዚያ ቀረ፣ የሴቶችም የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ። ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። የጠለፋው ማምለጫ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ተዘጋ።

ርስትስ? ርስት የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ጾታ ሳይለይ ለገበሬው መሬት ይሰጣል ቢልም፣ መሬቱ የሚመዘገበው በአባወራ ነበርና በብዙ ቦታ መዝገቡ ላይ የተጻፈው የወንዱ ስም ሆነ። የሲዳማ ገባር ጭሰኛነቱ ቀረለት፤ የጎጃሟ ሴት ደግሞ ከእናቷ እናት የወረደላትን የዘር መብት አጣች። አንድ አዋጅ በሁለት አገር ሁለት ነገር አደረገ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የገጠር መሬት ደብተር መስጠት ሲጀመር የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ ተደረገ። ወዲያው ግን መዝጋቢዎቹ በደቡብ አንድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ ሰውየው ሁለት ሚስት ካለው ከስሙ ጎን የማንኛዋ ይጻፍ?